የልጄን ስኪ ለመረጠችልን ልጅ ምስጋና (ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ወላጆች አንብቡት)

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ልጆቻችሁ ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ካልገዛሽልኝ እያሉ የሚያስጨንቋችሁ እናቶች ይቺን አንብቡልኝ። አንዲት ልጅ ላመሰግን ነው፣ ያለፈ ሲዝንና ዩዝድ ስኪ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ቴክኒሺያን ናት።

የኔ ልጅ 15 ዓመቱ ነው፣ እሱ የሚወደው ዝም ብሎ ቁልቁል መውረድ ሳይሆን ፓርክ የሚሉትን ነው፣ ሬይል የሚሉት የብረት ዘንግ ላይ ወጥቶ መንሸራተት፣ መዝለል፣ ወደኋላ መሄድ። እዚሁ ዴንቨር ሩቢ ሂል ፓርክ ውስጥ በረዶ ሲኖር ሬይሎቹን ያቆማሉ፣ በነፃ ነው፣ ልጆቹ ስኪያቸውን ተሸክመው በእግራቸው እየወጡ ይወርዳሉ፣ በሰዓት ተከፍሎን ለምንሰራ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ብረቱ ስኪ ይበላል። አምና ሴል አገኘሁ ብዬ የገዛሁለት በሁለት ወሩ የጎኑ ብረት ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ ውሃ ገብቶ እንጨቱ አበጠና ተላቀቀ፣ ይዤ ስሄድ ሬይል ላይ የደረሰ ጉዳት ዋራንቲ አይሸፍነውም አሉኝ። ያን ቀን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ኦቨርታይም ሰርቼ ነበር የገዛሁት።

ዘንድሮ ባይንዲንጉንም (ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያስረውን) ጨምሮ 400 ዶላር ብቻ ነው ያለኝ አልኳት። ፊቷ አልተለወጠም። መጀመሪያ ልጁን ጠየቀችው፣ በሳምንት ስንት ቀን ትወጣለህ፣ ሬይል ይበዛል ወይስ ዝላይ፣ ወደኋላስ ትሄዳለህ ወይ፣ ከዛ ሁለት ስኪ ገልብጣ ጎን ለጎን አስቀመጠችና እኔን ጠርታ አሳየችኝ። ዙሪያውን ያለው የብረት ጠርዝ በብዙው ስኪ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ለፓርክ ተብለው በሚሰሩት ላይ ግን 2.5 የሆነ አለ። ግማሽ ሚሊሜትር ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ነበር፣ ግን ሬይሉ የሚመታው እሱን ነው፣ ወፍራሙ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ሲሳልም የሚተርፍ ብረት አለው። ጎኑንም እይው አለችኝ፣ ከላይ ያለው ሽፋን ታጥፎ እስከ ብረቱ ድረስ ከሚወርደው ይልቅ ጎኑ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ እንደ ግድግዳ የቆመለት ምት ይችላል፣ ውስጡም ፎም ሳይሆን እንጨት ይሁን። ሬይል ላይ የማይሰበር ስኪ የለም ብላም ነግራናለች፣ ለዚህ ነው ያመንኳት።

ልጄ አይኑን የጣለበት 700 ምናምን ዶላር ነበር፣ እሷ ግን ላይን ክሮኒክ የሚባለውን ስኪ ያለፈውን ሲዝን አወጣችለት፣ የተለወጠው ስዕሉ ነው አለችው። ባይንዲንጉን ዩዝድ ወሰድን፣ ፋብሪካው አሁንም ይስተካከል ብሎ ከሚፈቅዳቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ኮምፒውተር ላይ አይታ፣ በማሽን ፈትሻ ነው የገጠመችው። ልጄ ጓደኞቼ አጥብቀው ነው የሚያስሩት ሲላት እምቢ አለችው፣ የሚለቅበትን ቁጥር በክብደቱ፣ በቁመቱ፣ በእድሜውና በቡቱ (በስኪ ጫማው) ርዝመት አስልታ አስቀመጠች፣ ስትወድቅ ካልለቀቀህ የሚሰበረው እግርህ ነው አለችው፣ እኔ ስንቴ ብዬው ያልሰማኝን ከሷ ሰማ። ከዛ ከእግሩ ስር ያለውን ጠርዝ ሬይሉን እንዳይነክስ በሞረድ አደነዘዘችለት። ጠቅላላ 385 ዶላር ከታክስ ጋር።

ይኸው ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ ይወጣል፣ ጠርዙ አንድ ቦታ ብቻ ነው ጫር ያለው፣ ሲመለስ ጨርቅ ይዞ ያደርቀዋል፣ ስንጥቅ ካየህ ውሃ ሳይገባበት አምጣው ስላለችው። ባለፈው ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወሰድኩላት፣ የኔ እህት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከኪሴ ብዙ ማውጣት ስትችይ አላደረግሽውም።

ስሟን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም፣ ሱቁን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እቃ ሲያራግፉ ዋጋው ይወርዳል። ስትሄዱ የልጁን ቡት ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ ቡት ባይንዲንግ አይገጠምም።