የሕክምና ፈቃድ ወይስ ትምህርት ማቋረጥ?

አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ (እርዳታና ብድር) ኮሌጅ የሚማር ልጅ በሴሚስተሩ መሀል ቢታመም ሁለት መንገድ አለው፤ በደንቡ መሠረት የጸደቀ ፈቃድ መውሰድ ወይም ማቋረጥ።

ፈቃዱ ሲሰሙት ያጓጓል። ተማሪው ምክንያቱን ጽፎና ፈርሞ ያመለክታል። በ12 ወራት ውስጥ ከ180 ቀን እስካልበለጠ ድረስ እንዳቋረጠ አይቆጠርም፤ ገንዘቡም አይነካም። ነገር ግን ሲመለስ ካቆመበት መቀጠል አለበት፤ ይህ በሴሚስተር ለሚያስተምር ኮሌጅ ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ኮሌጆች «የሕክምና ፈቃድ» የሚሉት በፌዴራሉ ደንብ ማቋረጥ ሆኖ ይገኛል። ወላጆች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው።

ማቋረጥ የቀን ስሌት አለው። 105 ቀን ባለው ሴሚስተር በ42ኛው ቀን ያቆመ ተማሪ የሚገባው የድጋፉ 40 በመቶ ነው፤ የቀረው ይመለሳል፤ ኮሌጁም ለጎደለው ክፍያ ተማሪውን ሊጠይቅ ይችላል። ከ63ኛው ቀን በኋላ፣ ማለትም 60 በመቶው ካለፈ፣ ድጋፉ በሙሉ የእርሱ ነው። ሕመሙ ጊዜ ከሰጠ እነዚያን ጥቂት ቀናት መታገሥ ያዋጣል።

የጸደቀ ፈቃድ ከተገኘ እኔ እርሱን እመርጣለሁ፤ የሚመለስ ከሆነ ብቻ። ካልተመለሰ ብድር መክፈል ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠው የ6 ወር እፎይታ የሚቆጠረው ክፍል ከገባበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ ነው፤ ፈቃዱ ሲያበቃ እፎይታውም አልቆ ሊጠብቀው ይችላል።

ከመፈረም በፊት ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ «ይህ በፌዴራል ደንብ ማቋረጥ ነው?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።