አኮስቲክ ጊታር ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጋሼን አነጋግሩ

ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር የሚጠግኑ፣ አንዳንዴም ያገለገለ ጊታር አድሰው የሚሸጡ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይወዱም። የሚያውቃቸው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዛው ልበል።

ከእህቴ ጋር ነው የምሠራው፣ እሷ ትዘፍናለች፣ እኔ በጊታር አጅባታለሁ። ትዝታና ባቲ እናበዛለን። ድምጿ ወፈር ያለ ነው። ጊታር ፈልጌ ስሄድ ጋሼ ስንት ብር እንደያዝኩ አልጠየቁኝም። «ምን ትጫወታለህ? ከማን ጋር? በጣት ነው በፒክ (በመምቻ)?» አሉኝ። ከዛ ሦስት ጊታር አወረዱና ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ እንድሰማ አደረጉኝ፣ አንዱን ዜማ በሦስቱም እየደጋገሙ።

የመጀመሪያው ድሬድኖት ነው፣ ያ ሁላችንም የምናውቀው ሆደ ሰፊ ጊታር። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1916 እ.ኤ.አ. ዲትሰን ለሚባል የሙዚቃ ድርጅት ነው መሥራት የጀመረው፣ ስሙም ከእንግሊዝ የጦር መርከብ የመጣ ነው። ሆዱ ብዙ አየር ይይዛል፣ የፊት እንጨቱም ሰፊ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ ያወጣዋል። ኮርድ (ብዙ ክር አንድ ላይ) በኃይል ለሚመታ ሰው ግሩም ነው። ለኛ ግን ልክ የእህቴ ድምፅ ባለበት ቦታ ላይ እየገባ ይሸፍናታል። ሁለተኛው ትንሽና ወገቡ ጠበብ ያለ ነበር። ቤዙ ቀነሰ፣ ግን እያንዳንዱ ክር ለየብቻው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ቀስ ብሎ ለነካው እንኳ ወዲያው ይናገራል።

አንገቱ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የጣመኝ። ጋሼ ሜትር አውጥተው ክሩን ከአንገቱ ጫፍ ካለችው ማሳለፊያ እስከ ብሪጁ፣ ማለትም ክሩ ሆዱ ላይ እስከሚታሰርበት ድረስ ለኩት። ድሬድኖቱ 64.5 ሴንቲ ሜትር፣ ትንሹ 63.2። አንድ ሴንቲ ሜትር ከምናምን ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል፣ ግን ያው ክር በዚያው ድምፅ ሲቃኝ ረጅሙ ላይ 4 በመቶ ያህል በልጦ ይወጠራል። ስለዚህ ረጅሙ ጠንከር፣ ብሩህ ይላል፣ አጭሩ ደግሞ ለስለስና ሞቅ ያለ ነው፣ ለጣትም ይቀላል። ትዝታ ላይ ክሩን ጎተት አድርጎ ድምፁን ማንሸራተት ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው ሆዱ ከሁለተኛው ጋር እኩል ነው፣ አንገቱ ግን አጠር ያለ ይመስላል። ሲለካ ክሩ ያው 63.2! አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኘው 14ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ያለው የብረት መስመር) ላይ ሳይሆን 12ኛው ላይ ስለሆነ ነው። በዚህ የተነሳ ብሪጁ ወደ ሆዱ መሀል ይጠጋል፣ እዛ ጋ እንጨቱ እንደልቡ ይነዝራል፣ ድምፁም ክብ ይሆናል። ድሮ አብዛኛው ጊታር እንዲህ ነበር አሉኝ፣ በ1929 እ.ኤ.አ. ፔሪ ቤክትል የሚባል የባንጆ ተጫዋች ማርቲንን ረዘም ያለ አንገት ጠይቆ ነው ባለ 14ቱ መስፋፋት የጀመረው። ላይኛው ፍሬት ላይ ብዙ ሶሎ የሚጫወት ሰው ባለ 14ቱን ይያዝ። እኔ እዛ ብዙም አልወጣም፣ ሦስተኛውን ወሰድኩ።

ልብ በሉ፣ ከሦስቱ ውዱ ድሬድኖቱ ነበር። ሊሸጡልኝ ቢፈልጉ አንድ ቃል በቂ ነበር። በየሱቁ «ትልቁ ይሻላል» ብሎ መሸጥ በተለመደበት ከተማ እንዲህ ጊዜውን ሰጥቶ የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ልብ ይነካል።

ሥራቸውም ንጹህ ነው። ክሩ አጭር ስለሆነ እንዳይላላ፣ ውፍረቱ 11 ከሚባለው ይልቅ ወፈር ያለውን 12 የሚባለውን ክር አደረጉለት፣ የክሩን ከፍታም አስተካከሉ። ስንቀዳ ማይኩን ቀዳዳው ላይ ሳይሆን ወደ 12ኛው ፍሬት እንድናዞር መከሩን፣ ከቀዳዳው የሚመጣው ጉምጉምታ ጠፋ። አሁን እህቴ ሳትጮህ ትሰማለች።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ሳትደውሉ አትሂዱ። ዘፋኝ የምታጅቡ ከሆነ ደግሞ ዘፋኙንም ይዛችሁ ሂዱ።