ጅማት የተሰፋላችሁ ሰዎች፣ አንድ ፊዚዮቴራፒስት ልጅ ልጠቁማችሁ

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ስሮጥ ከኋላ በድንጋይ የተመታሁ መሰለኝ። «ጧ» የሚል ድምፅም ሰምቻለሁ። ዞር ስል ማንም የለም። የተበጠሰው የተረከዜ ጅማት ነበር።

እኔ ግን ወለምታ ነው ብዬ ወጌሻ ጋ ሄድኩ። ታሸሁ፣ ታሰርኩ። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ራጅ አንስቶኝ «አጥንትዎ ደህና ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘኝ። አጥንቴማ ደህና ነበር!

ሁለት ወር ካነከስኩ በኋላ አንድ የአጥንት ሐኪም በሆዴ አስተኝቶ ባቴን ጨመቅ አደረገው። ደህናው እግር ሲጨመቅ መርገጫው ወደ ታች ይነቃነቃል። የታመመው ዝም። በቃ፣ ምርመራው ይኸው ነው፤ መሣሪያም አይፈልግም።

ጊዜ ስላለፈ የጅማቱ ጫፎች ተራርቀዋል። ባቴ የላይኛውን ወደ ላይ ጎትቶታል። መስፋት ብቻውን ስለማይበቃ ሐኪሙ ከዚያው እግሬ፣ ከጭኔ ጀርባ አንድ ቀጭን ጅማት ወስዶ ክፍተቱን አያያዘልኝ። ከለጋሽ የተገኘ ጅማት ወይም ሴሎቹ ታጥበው የወጡለት የቆዳ ሽፋን የሚጠቀሙም አሉ። የራስህ ከሆነ ሰውነትህ አይጣላውም፤ ዋጋው አንድ ተጨማሪ ቁስል ነው። ሐኪሙን እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ ግን የምጠቁመው ከዚያ በኋላ የተረከበኝን ፊዚዮቴራፒስት ነው። ስታዲየም አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይሠራል። ዕድሜው የልጄ ነው።

ሦስተኛው ወር ላይ ሕመሙ ጠፋና ክራንቼን ጥዬ ሄድኩ። ተቆጣኝ፤ በአክብሮት ነው ታዲያ። በመስኮቱ ፊት ለፊት የሚሠራ ሕንፃ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ያንን የባህር ዛፍ ርብራብ ያዩታል? የተተከለልዎት ጅማት አሁን እንደዚያ ነው። ሴሎችና የደም ሥሮች ገና እየወጡበት ነው። ልዩነቱ የእርስዎ አይፈርስም፤ ቀስ በቀስ ራሱ ጅማት ይሆናል። ግን ሕመም ጠፋ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም።» ጅማት ደም በደንብ የማይደርሰው ነገር ስለሆነ፣ ተስተካክሎ እስኪጠነክር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ እንደሚችል የነገረኝም እሱ ነው። ሌላው ሁሉ «በርታ» ብቻ ነበር የሚለኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የማደርገው የድጋፍ ቡት ውስጥ ተረከዜን ከፍ የሚያደርጉ ንጣፎች ነበሩ። ሐኪሙ በሰጠው ፕሮግራም አንድ በአንድ ያወጣቸዋል፤ ያወጣቸውንም ሰርቄ እንዳልመልሳቸው ብሎ ነው መሰል መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍባቸዋል። ባቴን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካና በደብተር ይጽፋል። መጀመሪያ ከደህናው በሦስት ሴንቲ ሜትር ያንስ ነበር። አሁን በአንድ።

በጣም የወደድኩለት ግን ይኼ ነው። ትንሽ እንደተሻለኝ «በሳምንት ሦስቴ አይምጡ፤ የታክሲ ብር አያባክኑ። ይኼንን ቤትዎ ይሥሩት» አለኝ። ገቢውን በራሱ አፍ የሚቀንስ ባለሙያ እስቲ አሳዩኝ።

ባለፈው ዓርብ ግድግዳ ይዤ በዚያች እግር ብቻ ተረከዜን ሰባት ጊዜ አነሳሁ። እሱ የቆጠረው አምስት ነው። ሁለቱን «ጉልበትዎ ታጥፏል» ብሎ ሰረዘብኝ።

ስሜን አትጻፉ ስላለኝ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ስትሄዱ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ያዙ፤ ምን እንደተተከለ ሳያነብ እግር አይነካም።