«ባለ 33 ጎማ 15 ኩንታል ይችላል» ለምትባሉ የፒክ አፕ ባለንብረቶች

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ፒክ አፕ የምታሠሩ ወገኖቼ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትሰጡ።

ሰሞኑን አራት 33 በ12.50 ጎማ (ቁመቱ 33፣ ስፋቱ 12.50 ኢንች) ከባለ 15 ኢንች ቸርኬ ጋር አንድ ላይ እያቀረቡ፣ የድሮውን ጎማችሁን ከነቸርኬው ወስደው ልዩነቱን የሚያስከፍሉ ሰዎች አሉ። ጎማው መጥፎ ነው አልልም። ጭቃ ላይ ይጠቅማል፣ መኪናውንም ግርማ ያለብሰዋል። ውሸቱ «ትልቅ ስለሆነ 15 ኩንታል ያለ ችግር ይችላል» የምትለዋ ላይ ነች።

የጎረቤቴ ልጅ ነጠላ ጋቢና ሂሉክሱ ላይ አስገጥሞ ሲመጣ፣ የጎማውን ጎን በባትሪ አብርቼ አነበብኩት። ከመጠኑ ቀጥሎ 108 ይላል። ይህ የጭነት ቁጥር ነው፤ 108 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 1000 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሰጥቶት የመጣው የድሮ ጎማ፣ 205 አር 16 ሲ፣ ደግሞ 110 ነበር፣ ማለትም 1060 ኪሎ። በቁመት 10 ሳንቲም ያህል የሚበልጠው ጎማ በጭነት ያንሳል! በፕላይ፣ ማለትም በጎማው የጥንካሬ ደረጃ፣ የድሮው ባለ 8 ነው፣ አዲሱ ባለ 6።

እስቲ እናስላው። የኋላ ሁለቱ አዲስ ጎማዎች ተደምረው 20 ኩንታል ይችላሉ። ባዶ መኪናው ራሱ ኋላው ላይ ወደ 7 ኩንታል ያሳርፋል። 15 ኩንታል ሽንኩርት ሲጨመርበት፣ አብዛኛው የሚያርፈው እዚያው ስለሆነ፣ ከልኩ አለፈ። የድሮውም ቢሆን 15 አይችልም ነበር፤ ቢያንስ ግን ማንም ይችላል ብሎ አልሸጠለትም። ደግሞስ ጎማ ስለተቀየረ ባሌስትራውና አክሱሉ አይጠነክሩም። ሊብሬው ላይ ያለው የጭነት ልክ ያው ነው።

«ንፋስ ጨምርበት፣ ይችላል» የሚል ጎሚስታም አይጠፋም። አትስሙት። የዚህ ጎማ ሙሉ ጭነት የተጻፈው በ35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፣ እዚያው ጎኑ ላይ። ወደ 60 ብታደርሱት የጭነት አቅሙ በአንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም፤ መሃሉ ቶሎ ይበላል፣ ድንጋይ ሲነካው የመፈንዳት ዕድሉ ይጨምራል።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን የጣርማ በር ቁልቁለት ነው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለመድረስ 1500 ሜትር ያህል ከፍታ ትወርዳላችሁ። ጎማው ሲተልቅ በዚያው ማርሽ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ጉልበት ይቀንሳል፣ ፍሬኑ ይበልጥ ይደክማል። የፍጥነት ቆጣሪውም ይዋሻል፤ 60 ሲል እናንተ 68 ላይ ናችሁ። ከአቅሙ በላይ የጫነ ጎማ ደግሞ እየጋለ ወርዶ ቆላው ሙቀት ውስጥ ይገባል። የልጁ መኪና መሪው ሙሉ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቅ ነበር፤ የውስጥ ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ሰርጓዳ መስመር አውጥቷል።

አይሱዙ ያላችሁም አትሳቁ። 7.50 አር 16 ጎማ አውልቃችሁ በዚያው ቸርኬ ሰፋ ያለውን 8.25 ስትሰኩ፣ የኋላ ጥንዶቹ ጭነት ሲበዛ ሆዳቸው ይነካካል፣ በመሃላቸው ድንጋይም ይሰነቀራል። የጭነት ቁጥሩም 122/118 ዓይነት ከሆነ፣ ሁለተኛው ለጥንድ ነው፦ 1500 ኪሎ ለብቻው፣ 1320 ኪሎ በጥንድ። ሻጭ የሚነግራችሁ ትልቁን ብቻ ነው።

የግድ ትልቅ ጎማ ከፈለጋችሁ፣ የጭነት ቁጥሩ ከፋብሪካው ጎማ የማያንስ፣ ቸርኬውም የሚችለው ጭነት የተጻፈበት ይሁን። የተሠራበትን ጊዜ የሚነግሩትን አራት አሃዞች እዩ፤ 2419 ከሆነ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ፣ 24ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ነው። ሻጩ ደረሰኙ ላይ መጠኑን፣ ፕላዩንና የጭነት ቁጥሩን እንዲጽፍ ጠይቁ። ለጎረቤቴ ልጅ የሸጠው ሰው ይህን ሲጠየቅ «እኛ የምንጽፈው ጎማ ብቻ ነው» ብሏል።

አስቀድማችሁ ያስገጠማችሁ ካላችሁ የድሮውን ጎማ ለማስመለስ አትዘግዩ። የጎረቤቴ ልጅ ተመልሶ ሲሄድ ቸርኬዎቹን አገኛቸው፣ ጎማዎቹ ግን ለሌላ ሰው ተሸጠው ነበር።