የጣሊያን ጊዜ ግንብና የደብረ ብርሃን አረቄ

ሥራዬ ግንበኝነት ነው። ምግብ ቤት ስገባ ከምግብ ዝርዝሩ በፊት የቤቱን ማዕዘን ነው የማየው። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከደሴው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው የጥቁር ድንጋይ ቤት፣ ጣሊያን ጊዜ ተሠራ የሚባለው፣ አሁን ምግብና ኮክቴል ቤት ሆኗል። ልጄ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ደመወዝ የወጣ ሰሞን "አባዬ፣ ዛሬ ጋባዧ እኔ ነኝ" ብላ ወሰደችኝ። ከዚያ ወዲህ ተመላልሰናል፤ እሷ ለመጠጡ፣ እኔ ለግንቡም ለጥብሱም።

ከግንቡ ልጀምር። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱ ከክንድ ያልፋል። ከመስኮቶቹ ቅስት አንድም ድንጋይ አልተነቃነቀም። ያደሰው ባለሙያ ተበልቶ የነበረውን መጋጠሚያ በኖራ ሞልቶ ድንጋዩን ራቁቱን ትቶታል፤ እጁ ይባረክ። የጽድ ወራጆቹንም ኮርኒስ አልመታባቸውም። የጓሮው ክፍል ላይ ሲደርሱ ግን ወይ ገንዘቡ አልቋል ወይ ሰውየው ተቀይሯል፤ በሲሚንቶ ለስነው ቀለም ቀብተውታል። በጭቃና በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብ ሲሚንቶ ሲያለብሱት ከመሬት የሳበው እርጥበት መውጫ ያጣል። ይኸው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ አብጦ እየረገፈ ነው። ክረምት ላይ እዚያ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ሰው፣ እኔ ባልነግረው ትከሻው ይነግረዋል።

ሌላም ነገር አለ። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ አይጣል ነው። በፊተኛው ክፍል የድሮውን የግድግዳ ምድጃ ጭስ ማውጫ ጠርገው ባሕር ዛፍ ያነዱበታል፣ ወንበሮቹም ላይ የመንዝ ባና ጣል አድርገዋል፤ ደስ ይላል። የጓሮው ክፍል ምድጃ ስለሌለው መስኮቱን ዘግተው ከሰል ያስገባሉ። አስተናጋጇን ጠርቼ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ሰው ይገድላል፣ አውጪው" አልኳት። "እሺ አባባ" ብላ አወጣችው። በሌላ ቀን ሄጄ ሳይ ተመልሶ ገብቷል። ፊት ለፊት ቦታ ካጣችሁ ቆማችሁ ጠብቁ እንጂ ወደ ጓሮ አትግቡ።

ወደ መጠጡ ስንመጣ፣ የዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ አዲስ አበባ ቦሌ ያለውን ሁሉ ገልብጦ የመጣ ነው፤ ሞሂቶ፣ ማርጋሪታ፣ ፒና ኮላዳ። ልጄ ሞሂቶ አዘዘች፣ 480 ብር። ናናው ጠውልጓል፣ ስኳሩ ከንፈር ያጣብቃል፣ ብርጭቆው እስከ አፉ በረዶ ነው። በዚህ ብርድ በረዶ ከፍሎ የሚጠጣ ሰው ማን እንደሆነ እንጃ። ገጹን ገልጣችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ፤ የቤቱ የራሱ መጠጦች ያሉት እዚያ ነው።

እኔ የማዘው ሙቁን ነው። ዳግም (ሁለቴ የወጣ) አረቄ፣ ማር፣ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ ሎሚና ጦስኝ የፈላበት ውሃ፣ በሸክላ ኩባያ፣ 260 ብር። ሎሚውን ከሸዋ ሮቢት ነው የሚያስመጡት፤ ከጣርማበር ቁልቁል ቆላ ያበቀለው ሎሚ ከደጋ አረቄ ጋር እንዲህ ይስማማል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አረቄው ጉሮሮን ሳይቧጥጥ ይወርዳል፣ ኋላ ላይ የጌሾዋ ምሬት ብቅ ትላለች። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ አገር ያወቀው ሆኖ ሳለ ቡና ቤቶቻችን ከጓሮ እንደሚሸጥ ነገር ሲደብቁት ኖረዋል፤ እዚህ ቤት በክብር ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ብቻውን ደስ አሰኝቶኛል።

መጀመሪያ ላይ ግን ሙቁ ገና ኩባያው እንደቀረበ አፍንጫ ይወጋ ነበር። ባር ላይ ያለው ልጅ አረቄውን አስቀድሞ ቀድቶ የሚንተከተከውን ውሃ ይደፋበታል። የልጄ ተማሪ ኖሯል፤ "ና እስቲ፣ አልኮል በስንት ዲግሪ ይፈላል?" አለችው። "በ78፣ ቲቸር።" "እዚህ ከተማስ ውሃ በስንት ይፈላል?" ዝም አለ። 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው ስለሚቀንሰው። እንደዚያም ሆኖ አረቄውን ወደ እንፋሎት ለመቀየር ይበቃል። ውሃውን ከማሩ ጋር አስቀድሞ አማስሎ፣ ጥቂት አቀዝቅዞ፣ አረቄውን መጨረሻ እንዲጨምር ነገረችው። አሁን እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ ልዩነቱም ይታወቃል። ያልተፈታው የአረቄው ኃይል ነው። የሚገዙት ከየቤቱ አውጪ ስለሆነ አንዱ ቀን ለዘብ ይላል፣ አንዱ ቀን ያንገዳግዳል። ዳግም 45 በመቶ ገደማ ሊደርስ ይችላልና በየጊዜው የሚገባውን በአልኮል መለኪያ ቢለኩት ውድ ነገር አይደለም። ለቢራ ጠጪ ድራፍት አለ፤ ሐበሻም ዳሽንም እዚሁ ይጠመቃሉ።

ምግቡ ከመጠጡ ይሻላል። የመንዝ በግ ሸክላ ጥብስ ስቡ እየተንጫጫ ይመጣል፣ የጥብስ ቅጠሉና ቃሪያው በልክ ነው፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። በርገሩ ዳቦው ደረቅ ነው፤ እሱን ለተማሪዎች ተዉት። ረቡዕና ዓርብ ግን እልበትና ስልጆ አለ። ስልጆው የእውነት የከረመ ነው፣ ስናፍጩ አፍንጫን ከፍቶ እንባ ያመጣል፤ ባቄላውና ሱፉ ደግሞ ተመልሶ ያበርደዋል። ከሙቁ አረቄ ጋር ወስጄዋለሁ። እናቴ በሕይወት ብትኖር "ይሄ ምን ጾም ነው" ትለኝ ነበር። በደንብ የተጋገረ የገብስ እንጀራ ቢጨምሩበት ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ በገብስ አገር የጤፍ ብቻ ማቅረባቸው ይገርመኛል።

መስተንግዶው ትሑት ነው፣ ቅዳሜ ማታ ኳስ ሲኖር ግን እጅግ ይዘገያል። ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮው ሙዚቃውንም ወሬውንም ይውጠዋል፤ እኔ አልከፋኝም። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫት የሌለበት ነው፣ ይህንንም የምታውቁት ሒሳብ ሲመጣ ነው፤ አስቀድመው ሊጽፉት ይገባል።

መጸዳጃ ቤቱ ጓሮ ነው። በሩ ጋ ያለችው የድንጋይ ደረጃ ከሌሎቹ በአራት ጣት ከፍ ትላለች፣ መብራትም የላትም። ሁለተኛ ኩባያ የደገመ ሰው ስልኩን አብርቶ ይሂድ።