ቱሉ ዲምቱ ያለው የመድኃኒት መጠን ስሌት ቱቶሪያል

ነርሲንግ የምትማሩ፣ የመድኃኒት ስሌት ሲነሳ ሆዳችሁ ባር ባር የሚላችሁ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ቱቶሪያል ይሰጣል። የሚያስተምሩት ዎርድ ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ሲስተር ናቸው። በጣም ወድጄዋለሁ።

ቀመሩን ሁላችንም ሸምድደናል። የታዘዘውን እጃችን ላይ ላለው አካፍለን በፈሳሹ መጠን እናባዛለን። ግን አታችመንት (ሆስፒታል ውስጥ የተግባር ልምምድ) ወጥተን ብልቃጡን ስንይዝ የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ ይጠፋብናል። ሲስተር ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፉ መጀመሪያ ባዶ የጄንታማይሲን (የአንቲባዮቲክ መርፌ) አምፑል ያዞራሉ። 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ይላል። «አንዷ ሚሊ ውስጥ ስንት አለ?» ይላሉ። 40።

ከዚያ 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ይሰጡናል፤ ትዕዛዙ በኪሎ 5 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ። 30 ሚሊግራም ማለት ነው። ወደ ካልኩሌተር ስንሮጥ እዚህ ጋ ያስቆሙናል፦ መልሱ ከአንድ ሚሊ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ያንሳል፣ 30 ከ40 ያንሳላ። መልሱ 0.75 ነው። ነጥቧ ተንሸራታበት 7.5 ያለ ተማሪ ካለ፣ ለአንድ ሕፃን አራት አምፑል ሊሰብር እንደሆነ ሲያስብ ራሱ ይደነግጣል። ለእኔ የዚህ ቱቶሪያል ዋጋው እዚህ ጋ ነው፤ ስሌቱን ከመሥራታችሁ በፊት እንድትገምቱ ያስገድዷችኋል፣ ይሄን ደግሞ ክፍል ውስጥ ማንም አስገድዶን አያውቅም። ከዚያ 0.75ቷን በአንድ ሚሊ ሲሪንጅ ውሃ ስባችሁ፣ ከዓይናችሁ ትክክል ይዛችሁ ታሳያላችሁ።

አጻጻፍ ላይ ቀልድ የለም። ዜሮዋን ትታችሁ .75 ብትጽፉ ያስደግሟችኋል፣ ምክንያቱም ነጥቧ ካልታየች 75 ሆና ትነበባለች። 5.0 ብሎ መጻፍም ክልክል ነው፣ 50 ትመስላለች።

ግሉኮስ ላይም እንዲሁ ነው። 1000 ሚሊ በ8 ሰዓት ሲታዘዝ፣ ሴቱ (ግሉኮሱ የሚንጠባጠብበት ቱቦ) በሚሊ 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል፣ በሚሊ 15 በሚሰጠው ግን 31። ስለዚህ መጀመሪያ የሴቱን ማሸጊያ አንብቡ ይላሉ።

ያልወደድኩትም አለ። ክፍሏ ትጠባለች፣ ሲሪንጅ ለሁለት ለሦስት ነው የምንጋራው። ኢንሱሊን ደግሞ በጥድፊያ ታለፈ። መለኪያው ዩኒት ነው፣ የራሱ ሲሪንጅ አለው፣ አንዱ ሚሊ 100 ዩኒት ይይዛል፤ በተራ ሲሪንጅ የሳበ ሰው ምን ሊያደርስ እንደሚችል አስቡት። ራሱን የቻለ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይገባው ነበር። ሲስተር፣ ይሄን ካነበቡት እባክዎ ይጨምሩልን።

ከኮዬ ወይም ከገላን የምትመጡ፣ ሲያልቅ የታክሲ ሰልፉ ስለሚረዝም አብራችሁ የምትመለሱት ሰው ይኑራችሁ። ለብቃት ምዘና የምትዘጋጁ ደግሞ ፈተናው አፋፍ ላይ ሲደርስ ሳይሆን አሁን ተመዝገቡ።