ደረሰኝ ያስያዘኝ ልጅ

የእናቴ ወርቅ ባለፈው ሐሙስ ዴንቨር ገባ። እህቴ ደውላ «ደረሰ» ስትለኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካሉት ፖስታ ቤቶች በአንዷ መስኮት ላይ የሚሠራ አንድ ሐበሻ ልጅ አለ። ስሙን ልጽፍ ብዬ ፈቃድ ብጠይቀው «ተዉኝ እትዬ፣ ሥራዬ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ዝም ግን አልልም። ውድ ዕቃ በፖስታ የምትልኩ ሁሉ ይህን ልጅ እወቁት።

መጀመሪያ የቆሰልኩበትን ልንገራችሁ። አምና ከፋሲካ በፊት ሚኒያፖሊስ ላለች ደንበኛዬ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ላክሁ። 380 ዶላር የሚያወጣ ነው። የፖስታውን ሂሳብ ቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ከፈልኩ፣ ሌብሉን፣ አድራሻና ቁጥር ያለበትን ወረቀት፣ አትሜ ለጠፍኩ፣ ከዚያ ዕቃ ይቀበላሉ ወደተባለ ሱቅ ወሰድኩት። ባንኮኒው ጥግ የካርቶን ክምር አለ። አስተናጋጁ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «እዚያ ላይ አድርጊው» አለኝ። ደረሰኝ ስለው «ትራኪንግ ቁጥር አለሽ አይደል?» አለኝ፤ ዕቃው የት እንደደረሰ የሚታይበትን ቁጥር ማለቱ ነው። እውነትም ቁጥር ነበረኝ። ጥዬ ወጣሁ።

ማታ ቁጥሩን ሳስገባ «ሌብል ተዘጋጅቷል፣ ዕቃው ገና አልደረሰንም» ይላል። በሦስተኛው ቀንም ያው። በሳምንቱም ያው። ሱቁ «እኛ አስረክበናል» ይላል። ተረከቡ የተባሉት «እኛ አላየነውም» ይላሉ። ደወልኩ፣ ጻፍኩ፣ በአካል ሄድኩ። አንዱ ወደ አንዱ እየመራኝ ወር አለፈ። በመጨረሻ አንዲት ሴት በስልክ «ማስረከብሽን የሚያሳይ ነገር አለሽ?» አለችኝ። ከፍያለሁ፣ ሌብሉን አትሜያለሁ አልኳት። «እሱ ሌብል መግዛትሽን ነው የሚያሳየው። ዕቃ መስጠትሽን አያሳይም» አለችኝ። ያን ጊዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። አሁን ሳስበው እውነቷን ነበር።

የደንበኛዬን ገንዘብ ከኪሴ መለስኩ። ገንዘቡ አይደለም እስካሁን የሚቆጨኝ። ልጅቱ ለፋሲካ ብላ አዝዛ ሳትለብሰው ቀረች። ከዚያ በኋላ አላዘዘችኝም። በልቧ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት አሳልፌያለሁ። ሌላ ቦታም ሞክሬ ነበር። እዚያ ደግሞ «ስካን አድርጉና ወረቀት ስጡኝ» ስል «ሰልፉን አታስቁሚ» ብለው ተቆጡኝ።

ወደ ወርቁ ልመለስ። እናታችን ካረፈች 4 ዓመቷ ነው። ሀብሏና ጉትቻዋ እኔ ዘንድ ነበር። ዴንቨር ያለችው እህቴ ልጇን ልትድር ነው፤ ሙሽራዋ የአያቷን ወርቅ እንድታደርግ ፈለግን። እኔ ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም። በሰው እንዳልከው ወደዚያ የሚሄድ የማምነው ሰው ጠፋ። ቀኑ ገፋ። ከፖስታ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ካርቶኑን በፕላስቲክ ፕላስተር ከላይ እስከ ታች ጠፍሬው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጁ ሐበሻ መሆኑን አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ወርቅ ነው ልጄ፣ የእናቴ ነው» አልኩት። ካርቶኑን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ እንዲህ ሆኖ አልቀበልዎትም» አለኝ። እንባዬ መጣ። አሁንም ሊያባርሩኝ ነው ብዬ።

እሱ ግን ከመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ አስረዳኝ። ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚሻለው ሬጅስተርድ ሜይል የሚባለው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሁሉ ተፈርሞበት ነው የሚሄደው። በሚያብረቀርቅ ፕላስተር የታሸገ ግን አይቀበሉም፤ ማኅተሙ ፕላስቲክ ላይ ይጠረጋል። በወረቀት ፕላስተር ሲታሸግ ቀለሙ ይሰርጋል። መንገድ ላይ የከፈተው ሰው ካለ ያስታውቃል።

ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሱቅ አሳየኝ። «ቡናማ የወረቀት ፕላስተር ይግዙ። ሲመለሱ ሰልፍ እንዳይይዙ፣ በቀጥታ እኔ ጋ ይምጡ» አለኝ። ስመለስ የምሳ ሰዓቱ ደርሷል። አጠገቡ ያለችው ሠራተኛ መስኮቷን ዘግታ ወጥታለች። እሱ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

እጄ እየተንቀጠቀጠ አሸግሁት። «እዚህ ጋ ይጫኑት፣ እዚህ ጋ ይድገሙት» እያለ ጠበቀኝ። ሲያልቅ ክብ ማኅተሙን አነሳ። ፕላስተሩ ከካርቶኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር ሁሉ፣ ግማሹ ፕላስተሩ ላይ ግማሹ ካርቶኑ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መታው። ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ቆጠርኩት፤ 14 ጊዜ ነው የመታው። በያንዳንዱ ምት ልቤ ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ መጣ።

ፊቴን አይቶ መሰለኝ አንድ ነገር አጫወተኝ። በ1958 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሀሪ ዊንስተን የሚባለው የጌጥ ነጋዴ ሆፕ ዳይመንድ የሚባለውን ዝነኛ ሰማያዊ አልማዝ ስሚዝሶኒያን ለሚባለው ሙዚየም ሲሰጥ፣ ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን የላከው በዚሁ በሬጅስተርድ ነው። በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ። 145 ዶላር ከ29 ሳንቲም ከፈለ። ከዚያ ውስጥ የፖስታው ዋጋ 2 ዶላር ከ44 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ የቀረው ኢንሹራንስ ነው። መጠቅለያው ዛሬም ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የፖስታ ሙዚየም ተቀምጧል። «ያንን ያደረሰ የእናትዎን ያደርሳል» አለኝ።

ስለ ኢንሹራንሱ ብዙ ነገረኝ። ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ በሬጅስተርድ እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ማስገባት እንደሚቻል ነው። የወርቁን ግምት ተናገርኩ፣ ያለኝን ከፈልኩ።

ከዚያ ደረሰኙን ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ እያሳየ አነበበልኝ። ስሜን፣ የእህቴን አድራሻ፣ ያስመዘገብኩትን ዋጋ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን የያዘውን ክብ ማኅተም። «ይህ ወረቀት ወርቁ ማለት ነው። የገንዘብ መክፈያው ወረቀት ደግሞ ይደበዝዛል፣ አሁኑኑ ሁለቱንም ፎቶ ያንሱ» አለኝ። እዚያው መስኮቱ ላይ አነሳሁ። ደግሞ «ሬጅስተርድ ቀርፋፋ ነው፣ ቁጥሩ ለቀናት ዝም ቢል አይደንግጡ» አለኝ። ይህን ባይነግረኝ ኖሮ በአራተኛው ቀን ሆስፒታል እገባ ነበር፤ እውነትም ዝም ብሎ ነበር።

አባቴ ደሴ እያለን የአደራ ደብዳቤ ሲልክ ደረሰኙን ዳዊቱ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። መልስ እስኪመጣ ማንም አይነካውም። ልጅ ሆኜ ያ ትንሽ ወረቀት ለምን እንደሚከበር አይገባኝም ነበር። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ ብዬ ረሳሁት። የአባቴን ሥርዓት ያስታወሰኝ ይህ ልጅ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሳደጉትን እናት አባት እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የአምናውን የቀሚስ ታሪክም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና «ቤትዎ ሌብል ቢያትሙም ይምጡና መስኮት ላይ ስካን ያስደርጉ፣ የተቀበልንበትን ደረሰኝ እንሰጣለን» አለኝ። ለዚህ የሚከፈል ነገር የለም። እኔ 380 ዶላር የከሰርኩት በነጻ የሚሰጥ ወረቀት ሳልጠይቅ ነው! ፕራዮሪቲ ሜይል የሚባለው የፖስታ አገልግሎት የ100 ዶላር ኢንሹራንስ አብሮት እንዳለም፣ ቢጠፋ ደግሞ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ማመልከት እንዳለብኝም ያወቅሁት ከእሱ ነው። ያን ጊዜ ይህን የነገረኝ አንድ ሰው አልነበረም።

እባካችሁ፣ ቀሚስ የምትልኩ፣ ፓስፖርት የምትልኩ፣ የልጅ ሰነድ የምትልኩ፣ ክምር ላይ ጥላችሁ አትውጡ። መንገድ ዳር ያለው ሰማያዊ ሳጥን ውስጥም ውድ ዕቃ አትክተቱ፤ ሳጥን ደረሰኝ አይሰጥም። ሰው ፊት ቁሙ፣ ስካን ሲደረግ እዩ፣ ወረቀቱን ያዙ። ቢቆጧችሁም አትነቃነቁ።

ወርቁ በ8 ቀኑ ደረሰ። ማኅተሞቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው፤ እህቴ ከመክፈቷ በፊት ካርቶኑን በቪዲዮ አሳየችኝ። ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወስጄለት ነበር። ተቀበለኝና ቆርሶ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አዳረሰው።

የትኛዋ ፖስታ ቤት እንደሆነች የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ጠዋት ነው የሚገባው። ሰልፉ ረጅም ቢሆን ወደ ሌላ መስኮት አትሂዱ፣ እሱን ጠብቁ። የወረቀት ፕላስተሩን ይዛችሁ ሂዱ።